ሩርኪ ያሉት የድንጋይ አንበሶች፦ ለህንድ ተብለው የሠለጠኑት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ምን ተምረው፣ ምን ሠርተው አለፉ?

ውሃ ልክ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የመስኖ መሐንዲስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት በሰሜን ህንድ፣ ሩርኪ በምትባል ከተማ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1955 ለእስያና ለአፍሪካ አገሮች የውሃ ባለሙያዎች የከፈተው ማሠልጠኛ ስላለው ከእኔ በፊት ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያ አልፈዋል። (በዚህ ክር የምጽፋቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋን አንድ ትልቅ ቦይ ያቋርጣታል። የጋንጅስ ቦይ ይባላል። ከከተማው አጠገብ ቦዩ ሶላኒ የሚባለውን ወንዝ የሚሻገረው በ15 የጡብ ቅስቶች ላይ ነው፤ ከታች ወንዝ ይሄዳል፣ ከላይ ሌላ ወንዝ ይሄዳል። በድልድዩ ጫፍ ላይ ትልልቅ የድንጋይ አንበሶች ተቀምጠዋል። ማታ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ከአንበሶቹ ሥር ተቀምጬ ውሃውን አይ ነበር። ከ160 ዓመት በላይ የሆነው ሥራ አሁንም ውሃ ያደርሳል።

ይህን የሠራው ፕሮቢ ኮትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የሚገርመኝ ሰውየው በሙያው የመድፈኛ መኮንን እንጂ መሐንዲስ አልነበረም። በ1837 እና 1838 በሰሜን ህንድ የደረሰው ረሃብ እጅግ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። ኮትሊ ቁፋሮውን በ1842 አስጀመረ። ውሃው የተለቀቀው ሚያዝያ 8 ቀን 1854 ነበር። በመካከሉ ጡቡን የሚያቃጥለው ራሱ፣ ኖራውን የሚፈትነው ራሱ ነበር። በሃሪድዋር ያሉ የሂንዱ ካህናት «ጋንጅስን አትሰር» ብለው ሲቃወሙት በግድቡ ላይ ወንዙ በነፃነት የሚያልፍበት ክፍተት ትቶላቸዋል። በ1851 ደግሞ ለሶላኒ ድልድይ አፈር እንዲጎትት የእንፋሎት ባቡር አስመጥተው ነበር፤ በህንድ ምድር መንገደኛ የጫነ ባቡር ከመሄዱ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

የሩርኪ ኮሌጅም የተከፈተው በ1847 ለዚሁ ቦይ ሰው ለማፍራት ነበር። እዚያው አፈሩ ላይ ተማሪ ካሠለጠኑ፣ በእንግሊዝ አገር ሌላ ኮሌጅ መክፈት ለምን አስፈለጋቸው? እነዚያ ወጣቶች ምን ተምረው ይመጡ ነበር? ከመጡስ በኋላ ሕይወታቸው ምን ይመስል ነበር? የሚያውቅ ያካፍለን።

---

ቀያሹ

ልጄ ውሃ ልክ፣ ጥሩ ጥያቄ አነሣህ። በመንገድና በመስኖ ሥራ ዕድሜዬን የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ሳነብበው ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የራሱ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ነበረው፤ ከለንደን በስተ ደቡብ፣ አዲስኮምብ በሚባል ቦታ፣ ከ1809 እስከ 1861። ልጆቹ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ይገባሉ። በፈተና ቀዳሚ የሆኑት ወደ መሐንዲስ ጦር ይመደባሉ፤ የቀሩት መድፈኛና እግረኛ ይሆናሉ። መሐንዲስ የሆነው ቻተም ሄዶ ምሽግ መሥራት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ድልድይ መዘርጋት ይማራል። እንግዲህ ይህ ልጅ ህንድ ሲደርስ የሚሰጠው ሥራ ምሽግ አይደለም፤ 100 ኪሎ ሜትር ቦይ ነው። ስለ ቦይ የሚያስተምረው አንድም መምህር አልነበረውም።

ኩባንያው ፈርሶ አገዛዙ ወደ ዘውዱ ሲዞር የባቡር፣ የመስኖና የመንገድ ሥራው በዛ፤ ወታደሮቹ አልበቃ አሉ። ያን ጊዜ ኮሎኔል ጆርጅ ቼዝኒ የሚባል መኮንን «ለህንድ ብቻ የሚሆን የሲቪል መሐንዲሶች ኮሌጅ ይኑረን» ብሎ አሳመነ። ቦታው ከቴምዝ ወንዝ በላይ ያለው ኩፐርስ ሂል ኮረብታ ነው። በ1872 ተከፍቶ በ1906 ተዘጋ። ክፍያው በዓመት 150 ፓውንድ ነበር፤ ትምህርቱም ሦስት ዓመት። ድሀ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። ሒሳብ፣ ቅየሳ፣ ንድፍ፣ ጂኦሎጂ፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ የሂንዱስታኒ ቋንቋ ይማራሉ። የመዝገብ አያያዙን አቅልለህ አትየው። በሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ወጣት መሐንዲስ ከሚፈርስ ድልድይ ይልቅ የሚያስፈራው ያልተወራረደ ደረሰኝ ነበር።

ሩርኪ እያለ ኩፐርስ ሂል ለምን አስፈለገ ላልከው፣ መልሱ መራራ ነው። ሩርኪም ቢሆን የመሐንዲስነት ክፍሉን በብዛት የያዙት አውሮፓውያን ነበሩ፤ የአገሬው ልጆች አብዛኛዎቹ ወደ ታችኛው የተቆጣጣሪነትና የቀያሽነት ክፍል ነበር የሚሄዱት። ኩፐርስ ሂል ሲመጣ ከፍተኛው ሹመት ከለንደን የሚታደል ሆነ። ረዳት መሐንዲስ፣ ሥራ አስፈጻሚ መሐንዲስ፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ፣ ዋና መሐንዲስ፤ መሰላሉ ይህ ነው። ከታች ቆሞ መሰላሉን ደግፎ የያዘው ህንዳዊ ግን ወደ ላይ እንዳይወጣ ተደርጎ ነበር።

---

የቪዛግ ተማሪ

እኔ ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ ህንድ ነው የምጽፍላችሁ። እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቁጥራችን ቀላል አይደለም። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ጎዳቫሪ ወንዝ ላይ ወዳለው ዶውሌስዋራም ሄደን ነበር።

በአካባቢው አርተር ኮተን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚያሳዩ ሐውልቶች አሉ፤ የአበባ ጉንጉን ይደረግላቸዋል። እኔ ከቅኝ ግዛት ጋር የተያያዘ ሐውልት ሁሉ የሚፈርስ ይመስለኝ ስለነበር ደነገጥኩ። ያሳፈሩን አዛውንት ሹፌር «እርሱ ባይኖር አያቶቼ በረሃብ ባለቁ ነበር» አሉን። ነገሩ እውነት አለው። በ1833 አካባቢ ይህ ምድር በረሃብ ተመትቶ ነበር። ትልቅ ወንዝ በመካከሉ እያለፈ ሕዝቡ ግን በረሃብ ያልቅ ነበር። ኮተን ከ1847 እስከ 1852 ባለው ጊዜ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የወንዝ መቀልበሻ አሠራ፤ ደለላማው ምድርም የሩዝ አገር ሆነ።

ከሁሉ የነካኝ ግን የተማረበት መንገድ ነው። ኮተን አዲስኮምብ ነው የተማረው። ሆኖም አሸዋ ላይ የድንጋይ ግድብ እንዴት እንደሚቆም የተማረው ከአዲስኮምብ አይደለም፤ በካቬሪ ወንዝ ላይ የቾላ ነገሥታት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ካሠሩት ካላናይ ከሚባለው ግድብ ነው። ጥንታውያኑ ድንጋዩን በአሸዋው ላይ እየከመሩ፣ እየሰጠመ ሲሄድ እየጨመሩ፣ መሠረቱ ራሱ እስኪረጋ ይጠብቁ ነበር። ኮተን ይህን አይቶ አልናቀም፤ ከአገሬው ሰዎች መማሩንም በጽሑፍ መስክሯል። በጎዳቫሪ ሥራ ላይ ቀኝ እጁ የነበረው ቪራና የሚባል ህንዳዊ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠረውን ሠራተኛ ያሰባስብና ያስተዳድር የነበረው እርሱ ነው። እዚህ ሰው ስሙን ያውቀዋል።

---

ብራና ፈላጊ

ሁላችሁም የምትጽፉት ደስ ይላል፤ ዝም ብዬ ላነብ ግን አልቻልኩም። ከእነዚህ የአዲስኮምብ መሐንዲሶች አንዱ ወደ አገራችን መጥቷል። ሮበርት ናፒየር ይባላል።

ናፒየርን እኛ የምናውቀው የጦር አለቃ አድርገን ነው። ሰውየው ግን የቤንጋል መሐንዲስ ጦር መኮንን ነበር። በወጣትነቱ ምሥራቅ ጃሙና በሚባለው ቦይ ላይ ሠርቷል። በኋላም በፑንጃብ የሕዝብ ሥራዎች ሁሉ ኃላፊ ሆኖ መንገድና ቦይ አሠርቷል። የመቅደላን ዘመቻ ተመልከቱት፤ የመሐንዲስ ዘመቻ ነው። ዙላ ላይ የመርከብ ማቆሚያ ሠሩ። የባሕር ውሃ አጣርተው ለወታደሩ አጠጡ። ከዙላ ወደ ኩማይሌ ከህንድ በመጣ ሐዲድ የባቡር መንገድ ዘረጉ። የስልክ እንጨት እየተከሉ የቴሌግራፍ ሽቦ ጎተቱ። የፑንጃብና የማድራስ ቆፋሪ ወታደሮች ወደ ሰንዓፌ የሚወጣውን ገደል ጠርበው ለ44 ዝሆኖች መንገድ አወጡ። ጦሩ ያለ ውጊያ እስከ መቅደላ ሥር የደረሰው በዚህ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። ከዚያ በኋላ ብራናዎቻችን፣ ጽላቶቻችን፣ ዘውዳችን በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው በዚያው መንገድ ወረዱ።

እኔ ለዓመታት የማጠናው የእነዚያን ብራናዎች ዕጣ ነው። ስለዚህ «ጥበበኛ መሐንዲሶች» ስትሉ ልቤ ይቆስላል። በህንድ ቦይ ላይ የተማሩት ጥበብ ነው መቅደላ ድረስ ያመጣቸው።

---

ውሃ ልክ

ብራና ፈላጊ፣ ልክ ነህ፤ ይህን ማንሣትህም ተገቢ ነው። እኔም ሩርኪ ሆኜ የናፒየርን ስም በአንድ የቆየ መዝገብ ላይ ሳየው መጽሐፉን ዘግቼ ወጥቼ ነበር።

ይበልጥ የሚከብድህን ነገር ልጨምርልህ። በፑንጃብ ናፒየር የበላይ በነበረበት ዘመን ከተጀመሩት ሥራዎች አንዱ የላይኛው ባሪ ዶአብ ቦይ ነው። በ1859 ውሃ ተለቀቀበት። ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ ኬኔዲ የሚባል መሐንዲስ በዚያው ቦይ ላይ ተዘዋውሮ ያወጣው ቀመር ዛሬ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመስኖ ተማሪ ሁሉ የሚያጠናው ነው። እኔ ራሴ በቃሌ ሸምድጄው ለፈተና ተቀምጫለሁ። የመቅደላው ሰው ካስጀመረው ቦይ የወጣ ቁጥር መሆኑን የነገረኝ መምህር አልነበረም።

ይህን ያህል ቅርብ ናቸው። ስለዚህ ሥራቸውን የማጠናው ላመሰግናቸው ብዬ አይደለም፤ እጃችን ላይ ያለው መሣሪያ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ነው።

---

ሰብለ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሃይድሮሊክስ መምህርት ነኝ። ውሃ ልክ የጠቀሰውን የኬኔዲ ነገር እኔ ልቀጥለው፤ በዚህ ላይ የማልረሳው ታሪክ አለኝ።

ሮበርት ኬኔዲ በ1895 ያሳተመው ጥናት ቀላልና ብልህ ነው። በባሪ ዶአብ ቦይ ላይ 22 ቦታዎች መረጠ፤ ሁሉም ደለል የማይሞላቸው፣ ውሃም የማይሸረሽራቸው፣ ለብዙ ዓመት በሰላም የኖሩ ነበሩ። ጥልቀታቸውንና የውሃቸውን ፍጥነት ለካ። ከዚያም «ይህን ያህል ጥልቀት ላለው ውሃ ይህን ያህል ፍጥነት ከሰጠኸው ደለሉን ተሸክሞ ያልፋል» የሚል ግንኙነት አገኘ። ፍጥነቱ 0.55 ሲባዛ በጥልቀቱ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በ0.64 ኃይል ከፍ ብሎ። ተማሪዎቼ ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው ቢጠየቁ ይሉታል። ከእርሱ በኋላ ጄራልድ ሌሲ በ1930 የራሱን ቀመሮች አመጣ፤ የቦዩ ስፋትም ተዳፋትም በውሃው መጠንና በደለሉ ዓይነት ይወሰናል አለ።

አሁን የእኔን ልንገራችሁ። ከተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ አማካሪ ድርጅት ተቀጥሬ በደጋ አካባቢ ላለ አነስተኛ የወንዝ ጠለፋ ቦይ ንድፍ አወጣሁ። በሴኮንድ 300 ሊትር የምትወስድ ቦይ ናት። የኬኔዲን ፍጥነት እንዳለ ወሰድኩ። የፑንጃብ ደለል እንደ ዱቄት የላመ ነው። የእኛ ወንዝ ግን በክረምት ከገደል የሚወርድ ነው፤ የሚያመጣው ጠጠርና ሻካራ አሸዋ ነው። ኬኔዲ ራሱ «ደለሉ ከሻከረ ፍጥነቱን በዚህ መጠን አባዙት» ብሎ የማስተካከያ ቁጥር ሰጥቷል፤ እኔ ግን አንድ ብዬ አለፍኩት። በአንድ ክረምት ቦዩ እስከ ግማሹ በአሸዋ ተሞላ። ገበሬው በአካፋ ሲያወጣው ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በላይ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። በመንደሩ የውሃ አባት የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ውሃውን በተራ የሚያካፍሉት እርሳቸው ናቸው። ሥራው ሲጀመር «ልጄ፣ የአባቶቻችን መጥለፊያ በወንዙ ኩርባ በውጭ በኩል የሆነው አለምክንያት አይደለም፤ አሸዋው የሚተኛው በውስጥ በኩል ነው» ብለውኝ ነበር። እኔ ለግንባታ ይመቻል ብዬ ወደ ውስጥ በኩል አዞርኩት። እርሳቸው ያሉትን በኋላ በደለል ሳይንስ መጽሐፍ ላይ አገኘሁት፤ ቃል በቃል ያው ነው። የቪዛግ ተማሪ ስለ ኮተንና ስለ ካላናይ ስትጽፊ እንባዬ የመጣው ለዚህ ነው። ኮተን ከጥንታውያኑ ተማረ፤ እኔ በሕይወት ካሉት የውሃ አባት ፊት ቆሜ አልሰማሁም።

---

ቀያሹ

ሰብለ ልጄ፣ ይህን በግልጽ መጻፍሽ ትልቅነት ነው። እነርሱም ብዙ ስሕተት ሠርተዋል። ኮትሊ ለጋንጅስ ቦይ የሰጠው ተዳፋት ለውሃው ኃይል በዝቶ ስለነበር ቦዩ ራሱን መሸርሸር ጀመረ። ኮተን ይህን ይዞ በ1860ዎቹ በአደባባይ ተቸው፤ ሁለቱ በጽሑፍ ለዓመታት ተከራከሩ። የአንዱ ስሕተት በሌላው ብዕር መገለጡ ለሙያው በጀ።

በ1898 ደግሞ ናሮራ ላይ፣ በዚያው በጋንጅስ ወንዝ፣ የታችኛው ቦይ መቀልበሻ ተሰበረ። ውሃው ከላይ ሳይሆን ከሥር፣ በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ መሠረቱን አነሣው። ከዚህ በኋላ ነው ብላይ የሚባለው መሐንዲስ በ1910 «ውሃው ከመሠረቱ ሥር የሚሄድበትን መንገድ አስረዝሙት» የሚለውን ሕግ ያወጣው። ለዓመታት ሁሉም በዚያ ሠራ። ትክክለኛውን ነገር ያገኘው ግን የሩርኪ ተማሪ የነበረው ህንዳዊው ኮስላ ነው። በፑንጃብ የላይኛው ቼናብ ቦይ ላይ የነበሩ ሥራዎች በብላይ ሕግ መሠረት ተሠርተው ሳለ ችግር ሲገጥማቸው ከሥራቸው ቱቦ እየቀበረ የውሃውን ግፊት ለካ። በ1936 የወጣው ሥራው የብላይን ሕግ ተካ። ዋናው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ውሃው በመጨረሻ ሲወጣ ያለው ግፊት መሆኑን አሳየ። በኋላ የዚያው የሩርኪ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሆነ። ለዚህ ሰው ነበር መሰላሉ የተከለከለው።

ሌሎችም አሉ። ጋንጋ ራም ከሩርኪ በ1873 ተመርቆ የዛሬዋን ላሆር ትልልቅ ሕንጻዎች አሠርቷል። ቪስቬስቫራያ ደግሞ በፑኔ ተምሮ የቦምቤይ መሥሪያ ቤት ገባ፤ ጎርፍ ሲመጣ ራሱ የሚከፈት የግድብ በር ሠራ። ሥራውን ለቅቆ ለማይሶር መንግሥት ዋና መሐንዲስ ሲሆን ትልቁን የክሪሽና ራጃ ሳጋራ ግድብ መራ። ህንድ ዛሬ የመሐንዲሶችን ቀን የምታከብረው በእርሱ ልደት ነው፤ መስከረም 15፣ በእነርሱ አቆጣጠር።

---

አዲስ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ። በደቡብ ህንድ ፔሪያር ግድብን የሠራው እንግሊዛዊ ንብረቱን ሸጦ ግድቡን ጨረሰ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ደመወዛቸውስ ጥሩ ነበር?

---

የቪዛግ ተማሪ

የምትለው ጆን ፔኒኩይክ ነው። ህንድ ፑኔ ውስጥ የተወለደ፣ አዲስኮምብ የተማረ ሰው ነው። ሥራው እጅግ ይደንቃል። ፔሪያር የሚባለው ወንዝ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዐረቢያ ባሕር ይፈስስ ነበር። ተራራው ማዶ ግን ምድሩ ደርቆ ሰው ይራባል። ፔኒኩይክ ወንዙን ገድቦ፣ ተራራውን በዋሻ በስቶ ውሃውን ወደ ምሥራቅ አዞረው። ከ1887 እስከ 1895 ባለው ጊዜ ተሠራ፤ በመካከሉ ጎርፍ የጀመሩትን ጠርጎ ወስዶባቸዋል። በወባና በኮሌራ ብዙ ሠራተኛ ሞቷል። የመቃብር ቦታቸው እዚያው ጫካ ውስጥ ነው።

ንብረቱን ሸጠ የሚለው በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ የሚነገር ነው፤ ገንዘቡን የከፈለው የማድራስ መንግሥት ነው። ሆኖም የቴኒ ገበሬዎች በየዓመቱ ጥር አጋማሽ ልደቱን የአዲስ እህል ገንፎ ቀቅለው ያከብራሉ፤ ልጃቸውን በስሙ የሚጠሩም አሉ። ግድቡን ከጨረሰ በኋላ የት እንደተሾመ ታውቃለህ? የኩፐርስ ሂል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኖ ወጣቶቹን እንዲያሠለጥን።

---

ቀያሹ

ስለ ደመወዙ እኔ ልመልስ። ከእንግሊዝ አገር ባልደረቦቻቸው የተሻለ ነበር፤ ጡረታም አለው፤ ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ ረጅም ፈቃድ ይወጣሉ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ወጣቱ መሐንዲስ ክፍለ ሀገር ውስጥ ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ቦዩን ተከትለው በተሠሩ ማረፊያ ቤቶች እያደረ በፈረስ ይዘዋወራል። በ1873 በወጣው የሰሜን ህንድ የቦይ ሕግ መሠረት የቦይ ሹሞች ውሃ በሰረቀ ወይም ቦይ በሰበረ ሰው ላይ እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን ነበራቸው፤ ስለዚህ መሐንዲስም ዳኛም ነው። ወባው የራሳቸው ቦይ ያመጣው ነበር። በ1847 ቤከርና ዴምፕስተር የሚባሉ መኮንንና ሐኪም በጃሙና ቦዮች ዳር ያሉ መንደሮችን ልጆች ጣፊያ እየዳሰሱ ውሃው የቆመበት መንደር ሁሉ በወባ መመታቱን አሳይተዋል። ምድሩም ጨው እያወጣ መበላሸት ጀመረ። ፑንጃብ ውስጥ ይህ ችግር ዛሬም አለ። ቦዩን ሲሠሩ የሚወጣውን ውሃ ማስወገጃ አላሰቡበትም ነበር።

---

የዓባይ ማዶ

እኔ የምኖረው ካይሮ ነው። ስለ ዓባይ ማንም ስላላነሣ ልጨምር፤ የህንድ መሐንዲሶች ታሪክ ህንድ ላይ አያልቅምና።

እንግሊዞች በ1882 ግብፅን ሲይዙ የውሃውን ሥራ የሰጡት ከህንድ ላመጧቸው ሰዎች ነው። ኮሊን ስኮት ሞንክሪፍ አዲስኮምብ የተማረ፣ በጃሙናና በጋንጅስ ቦዮች ላይ የሠራ ነው። በ1883 መጣና ፈረንሳዊው ሙዤል አሠርቶት፣ ተሰነጣጥቆ፣ ዋጋ የለውም ተብሎ የተተወውን የዴልታ ግድብ አድሶ ሥራ አስጀመረው። ግብፃዊ ገበሬ በግዴታ ቦይ እንዲጠርግ የሚያስገድደውን ሥርዓት ለማስቀረትም ታግሏል። ዊልያም ጋርስቲን ህንድ ውስጥ ተወልዶ፣ በህንድ ሥራ ጀምሮ በ1885 ግብፅ መጣ። በ1904 ስለ ላይኛው ዓባይ ያወጣው ትልቅ ዘገባ ውስጥ የጣና ሐይቅ አለ። ከዚያ በፊት ዱፑዊ የሚባለው የመስኖ መሐንዲስ ጣና ድረስ ሄዶ ሐይቁን ውሃ ለማጠራቀሚያ እንዴት ማድረግ እንደሚቻል አጥንቶ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የፈረሙት የ1902 ውል ውስጥ ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት የተጻፈው አንቀጽ የመጣው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። እኛ ዓባይን በግጥም ስናወራ እነርሱ በሜትር ይለኩት ነበር። ይህን ስጽፍ ቁጭት አለኝ።

ከሁሉ ግን ዊልያም ዊልኮክስን እወደዋለሁ። በህንድ፣ በቦይ ዳር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ኩፐርስ ሂልን አልረገጠም፤ በ1872 ከሩርኪ ነው የተመረቀው። የመጀመሪያውን የአስዋን ግድብ ያቀደው እርሱ ነው፤ በ1902 ተጠናቀቀ። ኢራቅ ሄዶ በኤፍራጥስ ላይ የሂንዲያን ግድብ አሠራ። በኋላ የዓባይን የውሃ መጠን ቁጥሮች አዛብተዋል ብሎ የመንግሥቱን ባለሥልጣን ስለከሰሰ ራሱ ካይሮ ውስጥ በስም ማጥፋት ተፈረደበት። በ1930 ደግሞ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ ካልካታ ሄዶ ንግግር አደረገ። ቤንጋል ውስጥ «የሞቱ ወንዞች» የሚባሉት ወንዞች ሳይሆኑ የጥንት ሰዎች የቆፈሯቸው የመስኖ ቦዮች ናቸው፤ የእንግሊዝ የባቡር መንገድ ክምሮችና ቸልተኝነት ነው የገደላቸው አለ። ስለ ቤንጋል ቦዮች ያለው ሁሉ ትክክል ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ግን የራሱን መንግሥት ሥራ በአደባባይ መውቀሱ ለእኔ ትልቅ ነው።

---

ብራና ፈላጊ

የዓባይ ማዶ፣ ስለ ዊልኮክስ አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ስለ ናፒየር ያለኝ አልተለወጠም። ነገር ግን ከሩርኪ መዝገብ ቤት የናፒየር ዘመን የፑንጃብ ሪፖርቶች የሚገኙ ከሆነ ውሃ ልክ ብትጠቁመኝ እወዳለሁ። ከመቅደላ በፊት የነበረውን ሰው በደንብ ማወቅ ለሥራዬ ይረዳኛል።

---

ውሃ ልክ

ወንድሜ፣ የድሮ ተማሪ ስለሆንኩ እጠይቅልሃለሁ። በግል መልእክት የምትፈልጋቸውን ዓመታት ላክልኝ።

ሰብለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአንቺ የሃይድሮሊክስ ተማሪዎች በአቅራቢያችሁ ያሉትን የገበሬ ቦዮች ለክተዋቸው ያውቃሉ? ኬኔዲ 22 ቦታ ነው የወሰደው። ለ22 ቦታ አንድ ወር አይፈጅም።

---

ሰብለ

አልለኩም። ከትናንት ወዲያ ምሽት ጀምሮ የማስበው ይህንኑ ነው። ደለል የማይሞላቸው፣ የማይሸረሸሩ፣ ገበሬው ለ30 እና ለ40 ዓመት ሲገለገልባቸው የኖሩ የወንዝ ጠለፋ ቦዮች በእኛ ወረዳ ብቻ ብዙ ናቸው። ጥር ላይ ተማሪዎቼን ይዤ እወጣለሁ፤ ጥልቀት፣ ስፋት፣ ፍጥነት፣ የአሸዋው ናሙና። የውሃ አባት የነበሩት አዛውንት አሁንም በሕይወት አሉ፤ መጀመሪያ ወደ እርሳቸው ነው የምሄደው። የጎደለን የፍጥነት መለኪያ ብቻ ነው፤ ክፍላችን ውስጥ ያለው ተሰብሯል።

---

ቀያሹ

እኔ ዘንድ ባለ ጽዋ የሆነው አሮጌ መለኪያ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ዘይት ቀብቼ አሽከርክሬው ነበር፤ ይሠራል። ከባለ መቶኛው በትርና ከሦስት እግሩ ጋር በአውቶቡስ እልክልሻለሁ። የምትቀበይበትን ከተማ በግል መልእክት ጻፊልኝ፣ ልጄ።